ያልተነበበ ኮድ የሚበላው ባትሪ

በፕሮግራመሮች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። ኮዱ በአንዱ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ በደንብ ይሠራል፤ ለሌላው ሲዘጋጅ ግን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ስህተት ያወጣል። ያኔ ያስቸገረው ክፍል «ኢፍዴፍ» በሚባለው ትእዛዝ ይታጠርና ለዚያ ፕሮሰሰር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የስህተቱ መልእክት ይጠፋል፤ ሥራው እንዳለቀ ተቆጥሮ ይቀርባል። ይህ ልማድ ኃይል ቆጣቢ ኮድ ውስጥ ሲገባ ትልቅ በደል ነው። በደሉም የሚያርፈው በጻፈው ሰው ላይ ሳይሆን መብራት እንደ ልብ በማያገኘው ተጠቃሚ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለጅግጅጋ፣ ለቶጎ ውጫሌ፣ ለአውበሬና ለቀብሪበያህ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ከሥሩ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም፣ አለው፤ ፕሮሰሰሩም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አርም የሚባለው ዓይነት ነው። በሶማሌ ክልል ደግሞ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ሶማሌ ማይክሮፋይናንስ፣ የዛሬው ሸበሌ ባንክ፣ ሄሎካሽ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ብዙ ነጋዴና አርብቶ አደር ገንዘብ የሚቀበለውም የሚልከውም በስልኩ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ገበያውም ይቆምበታል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ወይ ከተማ መውጣት፣ ወይ ሶላር ላለው ሰው መክፈል ግድ ነው።

የፕሮሰሰሮቹ ልዩነት እውነተኛ መሆኑን አልክድም። በኢንቴል ዓይነቱ ኮምፒውተር ላይ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለ ደንብ አለ፤ መሣሪያ የማጥፋትና የማብራቱን ብዙ ዝርዝር ከማሽኑ ጋር ለሚመጣው ፈርምዌር ይተዋል። በአርም ስልክ ላይ ግን የየመሣሪያውን ክሎክና ቮልቴጅ መቆጣጠር በአብዛኛው የከርነሉ ድርሻ ነው። ስለዚህ ኮዱ መለያየቱ አይቀርም። ክርክሬ ልዩነቱ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። በአንድ ግልጽ ቦታ ሲቀመጥ ሰው ያየዋል፤ በየፋይሉ መሀል በኢፍዴፍ ሲበተን ግን ማንም አያየውም።

የኃይል ኮድ ከሌላው ኮድ የሚለይበት ምክንያት አለ። የፋይል ማስቀመጫው ኮድ ቢበላሽ ፋይሉ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ወዲያው ይጮኻል። መሣሪያውን እንዲያስተኛ የተጻፈው ክፍል ታጥሮ ቢቀር ግን በቦታው ባዶ ፋንክሽን ይቆምና «ተሳክቷል» ብሎ ይመልሳል። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ስልኩ የተኛ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አንድ መሣሪያ ነቅቶ ያድራል። ጠዋት ባለቤቱ ባዶ ባትሪ ሲያገኝ የሚወቅሰው ባትሪውን ወይም የሸጠለትን ነጋዴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ራሱን የሚደብቅ ስህተት ጠጋኝ አያገኝም።

ይህ ግምት አይደለም። በጀርመን የኤርላንገን-ኑረምበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የሊኑክስን ከርነል መረመሩ። ከርነሉ ያኔ ከ10,000 በላይ የማዋቀሪያ አማራጮች ነበሩት። በምሳሌነት ካነሷቸው ጉድለቶች አንዱ «ሆትፕላግ ሲፒዩ» መባል የነበረበት አማራጭ ቃላቱ ተገለባብጠው «ሲፒዩ ሆትፕላግ» ተብሎ መጻፉ ነው። በዚህ ስም የሚታወቅ አማራጭ ስለሌለ፣ አንድ ፕሮሰሰር ከሥራ ሲወጣ ሜሞሪ የሚመልሰው ኮድ ለወራት ጨርሶ ኮምፓይል ሳይደረግ ቆየ። ኢፍዴፍ የማያውቀውን ስም «የለም» ብሎ ያልፋል እንጂ አያስጠነቅቅምና ኮምፓይለሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሊኑክስ ማሽኑን ሲያስተኛ ከአንዱ በቀር ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች ከሥራ የሚያወጣው በዚሁ በሆትፕላግ መንገድ ነው።

የልማዱ ጠበቆች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ ያለ ኢፍዴፍ ከርነሉ ያብጣል የሚል ነው። ይህ ዛሬ አይሠራም። ሁኔታው በተራ «ኢፍ» ተጽፎ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ ኮዱን አንብቦና ስህተቱን ፈትሾ የማያስፈልገውን ራሱ ይጥለዋል። መጠኑ ያው ነው፤ ልዩነቱ ኮዱ መነበቡ ነው። ሁለተኛው፣ ሌላው ፕሮሰሰር ላይ ጭራሽ የሌለ ነገር አለ የሚል ነው። እውነት ነው፤ እሱ ግን በአንድ ሄደር ፋይል ውስጥ ሊታጠር ይችላል እንጂ በመቶ ቦታ መደገም የለበትም።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮሊየር እ.ኤ.አ. በ1992 ኢፍዴፍ ጎጂ መሆኑን በጽሑፍ አስረድተዋል። የሊኑክስ የኮድ አጻጻፍ ደንብም ኢፍዴፍ በተቻለ መጠን በሲ ቋንቋ ፋይል ውስጥ እንዳይገባ ይመክራል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርም ኮድ መዝረክረክ በይፋ ተቆጥቶ ነበር፤ በ2012 መጨረሻ በወጣው 3.7 እትም አንድ ከርነል በተለያዩ የአርም ሰሌዳዎች ላይ እንዲነሣ መንገድ ተከፈተ። በ2022 የወጣው 5.17 ደግሞ የድራይቨሮች ማስተኛና ማንቂያ ኮድ ያለ ኢፍዴፍ እንዲጻፍ፣ ኮምፓይለሩም ሁልጊዜ እንዲያየው የሚያስችል ዘዴ አመጣ። መንገዱ ተጠርጎ ሳለ በአቋራጩ መሄድ ስንፍና ነው።

በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ ኮምፒውተር ሳይንስ ለምታስተምሩና ለምትማሩ የምለው አለኝ። የምትጽፉበት ላፕቶፕ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ቢሆንም ወገናችሁ በኪሱ የያዘው አርም ነው። ለአርም የሚያዘጋጅ ኮምፓይለር በነጻ ይገኛል፤ የአርምን ማሽን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስለው ኪውኢምዩም እንዲሁ። መምህራን፣ ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ኮምፓይል ለተደረገ የሲ ሥራ ሙሉ ማርክ አትስጡ። ተማሪዎች፣ ስህተት ሲያስቸግራችሁ በኢፍዴፍ አትጠሩት፣ ፍቱት። ለአርም ያልተፈተነ የኃይል ኮድ ያለቀ ሥራ አይደለም።