የመጋዘን በርና የሰው ነፃነት

ሳውዝ ሲ በናይሮቢ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ አቅራቢያ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከመንገዱ ማዶ የከተማይቱ የኢንዱስትሪ ቀጠና ይጀምራል። ከሞምባሳ ወደብ የሚመጣው ስኳር፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅና የመኪና መለዋወጫ ለቸርቻሪው ከመድረሱ አስቀድሞ በዚህ አካባቢ በሚገኙ መጋዘኖች ያርፋል። የሚገባውና የሚወጣው ዕቃ በቁጥርና በክብደት ይመዘገባል። አንድ ጆንያ ቢጎድል የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዚያው ቀን ይጠየቅበታል። ጆንያውን የተሸከመው ሰው የቀን ሒሳቡን በእጁ መቀበሉን፣ መታወቂያው በማን ኪስ እንዳለ የሚገልጽ ዐምድ ግን በዕቃው መዝገብ ላይ የለም።

ናይሮቢ ራሷ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ዕቃ ማከማቻ ሰፈር ሆና ነው። ሐዲዱን ለመዘርጋት 32,000 ያህል ሠራተኞች ከህንድ በውል ተወስደው የመጡ ሲሆን፣ ከእነርሱም ወደ 2,500 የሚጠጉት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ውል ነበራቸው፤ ሆኖም ውሉ ሳያልቅ ሥራውን ጥሎ መሄድ ቀላል አልነበረም።

በኬንያ የቀን ሥራ «ኪባሩዋ» ይባላል። ቃሉ በስዋሂሊ «ትንሽ ወረቀት» ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በዛንዚባር በዚህ ስም ከሚጠሩት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ በጌቶቻቸው ለኪራይ የሚሰጡ ባሮች ነበሩ። ባሪያው በወደቡና በነጋዴዎች መጋዘን ዕቃ ሲሸከም ይውልና ማታ ካገኘው ሒሳብ ከፊሉን ለጌታው ያስረክባል። ባሪያ መግዛት በገዛ አገራቸው ሕግ የተከለከለባቸው የእንግሊዝ ነጋዴዎችም ባሪያውን ለቀን መከራየትን እንደ ወንጀል አይቆጥሩትም ነበር። ነጋዴው «እኔ ባሪያ የለኝም» ቢል ሐሰት አልተናገረም። ጆንያው ግን በባሪያ ትከሻ ላይ ነበር። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘጋ፤ በኬንያ ጠረፍም ባርነት በ1907 በሕግ ተሻረ። የነጋዴው አነጋገር ግን ገበያው በመዘጋቱ ብቻ አልጠፋም።

ዛሬ ብዙ ኩባንያ ጫኝና አውራጁን፣ ዘበኛውንና ጽዳት ሠራተኛውን ራሱ አይቀጥርም። ሰው አቅራቢ የሆነ ደላላ ወይም ሌላ ድርጅት ያመጣለታል፤ ኩባንያው ለደላላው በጥቅል ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አይጠይቅም። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ደላላው መቶ ሰው ለማቅረብ የሚጠይቀው ገንዘብ መንግሥት ከወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ድምር ያነሰ እንደሆነ፣ ጉድለቱን የሚከፍለው ማን ነው? ደላላው ከኪሱ እንደማይሞላው የታወቀ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ይህን ሒሳብ ለመሥራት አይሳነውም፤ የአንድ ኪሎ ስኳር ጉድለት የሚያገኝ ሰው ነውና።

ከባድ ሥራ ሁሉ፣ ደመወዙ ያነሰ ሥራም ሁሉ ባርነት እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። ሁሉን በአንድ ስም መጥራት የእውነተኛውን ግፍ ክብደት ይቀንሳል። መለኪያው ሠራተኛው «ይብቃኝ» ብሎ መሄድ መቻሉ ነው። ፓስፖርቱ በአሠሪው ሣጥን የተቆለፈበት፣ ሠርቶ የማያልቅ የጉዞ ዕዳ የተጫነበት፣ ደመወዙ በየወሩ «የሚመጣው ወር» እየተባለ የሚያዝበት ወይም «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ» እየተባለ የሚያድር ሰው መሄድ አይችልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌሎች ጋር ባወጣው ግምት፣ በ2021 በግዳጅ ሥራ ላይ የነበሩት ሰዎች 28 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በሞያሌ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያመራው የስደት መንገድ ናይሮቢን ይረግጣል። በናይሮቢና በዙሪያዋ በተከራዩ ቤቶች ውስጥ ተዘግቶባቸው የቀጣዩን ጉዞ ክፍያ የሚጠባበቁ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በተለያየ ጊዜ ተገኝተዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ሲፈተሽ፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው 14 ሰዎች በሕይወት ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩም ተገለጸ። ኮንቴይነሩ ባለቤት አለው፤ መኪናውም ነጂና የጉዞ ወረቀት ነበረው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ በዚያው ዓመት ደንብ አወጣች፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረበት ዐዋጅ ግን የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በደንቡና በዐዋጁ መካከል 18 ዓመታት አልፈዋል። በኬንያም እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥት በ30ኛው አንቀጽ ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። በዚያው ዓመት የወጣው በሰው የመነገድ መከላከያ ሕግ ደግሞ የንግዱን ፈጻሚ ብቻ ሳይሆን፣ ለዚህ ተግባር መዋሉን እያወቀ ክፍል ወይም ሕንጻ የሚያከራየውን ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። ክፍል ማከራየት መተዳደሪያው የሆነ ሰው ሊያጤነው የሚገባ ድንጋጌ ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሕግ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ የማያንስ ኩባንያዎች በሥራቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ያደረጉትን በየዓመቱ በጽሑፍ እንዲገልጹ ያዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ኩባንያው «ምንም አላደረግሁም» ብሎ ቢጽፍም የሕጉን ቃል እንደፈጸመ ይቆጠራል! እንዲህ ያለው ወረቀት በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምር ይሆናል፤ የማንንም ፓስፖርት ከሣጥን አያወጣም።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚጠቅመው የክፍያ ቀን ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ገንዘብ በስልክ የሚተላለፍበት «ኤም ፔሳ» የተባለ አሠራር አለ። ኩባንያው ለደላላው በጥቅል መክፈሉን ትቶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ ስልኩ ቢልክለት፣ የሃያ ሰው ደመወዝ ወደ አንድ ቁጥር የሚሄድ መሆን አለመሆኑን የሒሳብ ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሣ ያያል። አሠራሩ እንከን የለውም ማለት አይደለም። መታወቂያም ፓስፖርትም በእጁ የሌለው ስደተኛ በስሙ ስልክ ማስመዝገብ ስለማይችል፣ ደመወዙ በደላላው ስልክ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ከሁሉ ይበልጥ ለግፍ የተጋለጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሹሙ በዝርዝሩ ላይ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ባየ ጊዜ ስሙን ከመሰረዙ በፊት ወደ መጫኛው ወርዶ ሰውየውን ደላላው በሌለበት፣ በሚገባው ቋንቋ ሊያነጋግረው ይገባል። በሳውዝ ሲ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም።