ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ

የዛሬው ጉዳያችን ከዘወትሩ የጓዳና የልጆች አያያዝ ምክር ራቅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የአንድን ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ሊያስበላ የሚችል ነገር ስለ ሆነ በዚህ ዓምድ ቦታ ይገባዋል ብለናል። ይኸውም ያገለገለ መኪና መግዛት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ ጎዳና የምናያቸው ቪትዞችና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዕድሜያቸውን የሚገፉ ሆነዋል። ሃያ ዓመት የነዳች መኪና ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ተለብጦ፣ ጎማዋ በጥቁር ቅባት ተወልውሎ ስትቀርብ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሁለት ልጆች እናት ናት። የዕቁብ ብሯን ከባለቤቷ ቁጠባ ጋር አክላ አንዲት ነጭ ቪትዝ ገዛች። መኪናይቱን ያየቻት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው፤ ሻጩ ከሌላ ሰፈር ነድቶ አምጥቷት ስለ ነበር ሞተሩ ትኩስ ነበር። ቁልፍ እንደ ነካት ተነሣች፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር። ዋጋው ተከፍሎ መኪናይቱ ቤት በገባች ማግሥት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ በማለዳ ብታስነሣት ግቢው በሰማያዊ ጢስ ተሞላ። ለካስ ሞተሩ ዘይት ይበላ ኖሯል። ለማሳደሻ ያወጣችው ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠችው ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ሰዓቱን ይምረጡ። ለሻጩ በዋዜማው ደውለው፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳትነሣ» ይበሉትና ጠዋት በአንድ ሰዓት ይድረሱ። ኮፈኑን አስከፍተው እጅዎን ወደ ሞተሩ ጠጋ ያድርጉ። ሙቀት ከተሰማዎ ሻጩ ቀድሞዎት አስነሥቷታል ማለት ነውና በሌላ ቀን ይመለሱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የዘይት መለኪያውን ዘንግና የራዲያተሩን ክዳን ያስወጡ። (በጋለ ሞተር ላይ ይህን ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ ማንም ቢያጣድፍዎት እንዳይሞክሩት።) ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ ይህ ትልቅ ወጪ ነው። ከዚያ ሲያስነሧት ከኋላ ቆመው ጢሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት የሚቃጠል መሆኑን ያሳያል። ጥቁሩ ነዳጅ በዝቶ የሚገባ ለመሆኑ ምልክት ነው። በብርድ ጠዋት ጥቂት ነጭ እንፋሎት ያለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ጢስ ካልጠፋ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የአካሏን ነገር ለማየት ከፍሪጅ በር ላይ ያለችውን ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹን በየቦታው ይንኩባቸው። ማግኔቷ በአንዱ ቦታ ይዛ በሌላው የምትወድቅ ከሆነ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ መኪናይቱ ተጋጭታለች። (ባምፐሩ ፕላስቲክ ነውና እዚያ አይሞክሩ።) የታጠበች መኪና ሁሉ ታበራለች፤ ስለዚህ በደረቅ ቀንና በፀሐይ ብርሃን ይዩዋት።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አይመኑት፤ ወደ ኋላ የሚመልሱት ሰዎች አሉ። ከዚያ ይልቅ የፍሬኑን ፔዳል ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ይመልከቱ። ቆጣሪው ስልሳ ሺህ እያለ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ ማንኛቸው እንደሚዋሽ መገመት አያስቸግርም። በጎማዎቹ ጎን ላይ ደግሞ አራት አኃዝ ተጽፎ ያገኛሉ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላልና ያስመርምሩት፤ ልጆች የሚሳፈሩባት መኪና ናት።

ሜዳ ላይ ብቻ ነድተው አይመለሱ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ያስወጧት፤ ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ካጣ ፍሪሲዮኑን ይጠርጥሩ። ቁልቁል ሲመለሱም ፍሬን በያዙ ቁጥር ወደ አንድ ጎን የምትስብ መሆኗን ያስተውሉ። መካኒኩን ራስዎ ይምረጡ፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ነው። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል እየመጣ ነው» የሚለውን ቃል ይሰማሉ፤ ይምጣ! በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ ዕጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ምርመራው ሳያልቅ አምስት ብርም ቢሆን አይስጡ።

ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ የሚያስለቅስበት ጊዜ አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናይቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት፣ ከቀረጥ ነፃ ገብታም ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ወደ ውልና ማስረጃ አይሂዱ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ አብረው ይፈርሙ። የጋራ ንብረትን አንደኛው ወገን ብቻውን ቢሸጥ ሌላው ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላልና።

የእርስዎንም ቤት አይርሱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ሆኖም የዕቁቡን ብር ያዋጣች ሴት ስሟ በሊብሬው ላይ ቢሰፍር ኋላ ከክርክር ትድናለች። ይህን ለባለቤትዎ መናገር የሚከብድዎት ከሆነ ከግዢው በፊት ይንገሩት፤ ከግዢው በኋላ የበለጠ ይከብዳል።

ፊርማው ባለቀ ጊዜ ሁለተኛውን ቁልፍ፣ ክሪኩንና ስኮርታ ጎማውን ሳይረከቡ ከሻጩ አይለዩ።