ቴሌቪዥኑ እምቢ ሲል

 በዚህ ወር የምንነጋገረው ሳሎናችን ውስጥ ስላለው ቴሌቪዥን ነው። “ይህ ደግሞ ምን መንፈሳዊ ነገር አለው?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት ለቤት ስንዞር ግን የጠፋ ቴሌቪዥን ባልና ሚስትን ሲያኳርፍ፣ ልጅን ያለ ጥፋቱ ሲያስገርፍ፣ ለማዳበሪያ የተቀመጠ ገንዘብ ሲያስወጣ አይተናል። በገጠር ቀበሌ ጉባኤ ርቋቸው ብቻቸውን የሚያመልኩ ቤተሰቦች ደግሞ ስብከትና መዝሙር የሚሰሙት በእርሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጉባኤዎች በተዘጉ ጊዜ የከተማዎቹም ይህንን ቀምሰነዋል።

ዕቃው ሲጠፋ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው “ማን ነካው?” ነው። ባል ሚስቱን፣ ሚስት ልጇን፣ ታላቅ ታናሹን። ሳይሰማ ስለሚመልስ ሰው በምሳሌ 18፥13 የተጻፈውን ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁ “የት ጋ ተቋረጠ?” ይሁን፤ ምክንያቱም እኛ “ተበላሸ” ከምንለው ውስጥ ብዙው ቴሌቪዥኑ ጋ ሳይሆን ከእርሱ ውጭ ያለ ነው።

ስክሪኑ ላይ “ኖ ሲግናል” የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትደንግጡ። ጽሑፉን ማሳየት ከቻለ ቴሌቪዥኑ ደህና ነው ማለት ነው። የሪሲቨሩን ሪሞት አንሡና “ሜኑ” የሚለውን ተጫኑ። የሪሲቨሩ ዝርዝር ከመጣ እስከ ሪሲቨሩ ድረስ ችግር የለም፤ ወደ ዲሹ ውጡ። ካልመጣ ሪሲቨሩ ጠፍቷል፣ ገመዱ ላልቷል፣ ወይም ሕፃን በቴሌቪዥኑ ሪሞት “ሶርስ” የሚለውን ነክቶ ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ ቀይሮታል። መልሳችሁ ማስተካከል ነው። ባለ ሦስት ቀለም ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ድምፅ እያለ ሥዕል ሲጠፋ ቢጫውን፣ ሥዕል እያለ ድምፅ ሲጠፋ ቀዩንና ነጩን ነቅላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሰኩ።

ስለ ዲሹ ትንሽ ልቆይ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ ባልና ሚስት “ሪሲቨሩ ተቃጠለ” ብለው በርበሬ ሸጠው አዲስ ገዙ። አዲሱም የዐረብ ጣቢያ ብቻ አሳያቸው! ናይልሳት የሚገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ሳተላይት ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ። ስለዚህ ከእኛ አገር ሆኖ ለናይልሳት ወደ ምዕራብ የዞረ ዲሽ፣ ለኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቀና ማለት አለበት። አንዱን ዲሽ ማዞር ወይም ሌላ ዲሽ መጨመር የሚያስፈልገውን ነገር እነርሱ ዕቃ ገዙበት። ዛሬም ቢሆን መሬት ላይ የተተከለ ዲሽ ጥጃ ሲታከክበት ወይም ነፋስ ሲገፋው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ይጠፋል። ዲሹ ሲስተካከል ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት።

የጎጃም ክረምት ዝናብ ሲበረታ ሥዕል ቢቆራረጥ ወይም ቢጠፋ ብልሽት አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በመብረቅ ሰዓት ጣራ ላይ የሚወጣ አባወራ ካለ እባካችሁ እህቶች እግሩን ያዙት! ይልቅ የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ንቀሉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ሥዕል ካልመጣ፣ ገመዱ ኤልኤንቢው ላይ በሚታሰርበት ጫፍ ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ጫፉን አድርቁና በፕላስተር ጠቅልሉት።

ቴሌቪዥኑ ጭራሽ አልነሣ ካለ የስልክ ቻርጀር በዚያው ሶኬት ሞክሩ። ሶኬቱ ደህና ሆኖ ቀይዋ መብራት ከበራች ሪሞቱን ጠርጥሩ። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ፤ በዓይን የማይታየው ብርሃን በካሜራው ብልጭ ሲል ይታያል። በኋላው ካሜራ ካልታየ በፊተኛው ሞክሩ። ብልጭ ካላለ ባትሪ ቀይሩ።

መብራታችን 220 ቮልት ነው ቢባልም፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ድንገት ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፤ አምፖሉ ሳይርገበገብ አሥር ደቂቃ ያህል መቆየቱን እዩ። በሶላር የምትጠቀሙ የገጠር ወገኖች፣ ባለ 12 ቮልቱ ቴሌቪዥን ማታ ራሱን በራሱ ካጠፋ ባትሪው ደክሟል ወይም ፓኔሉ አቧራ ለብሷል። ገመዱን ስታስሩ ቀዩን ከጥቁሩ አታምታቱ፤ ይህ ዕቃውን ያቃጥላል።

ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ከጨለመ ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ በጎን አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ሥዕል ካያችሁ የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ብቻ ነው፤ ይጠገናል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን የአዲስ ያህል ገንዘብ ሊጠይቅ ስለሚችል ከመወሰናችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ክዳኑን አትክፈቱ። ኋላው ያበጠው አሮጌ ቴሌቪዥን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስስ የሆነውም ቢሆን ከ300 ቮልት በላይ የሚይዝ ክፍል አለው። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የማስቲካ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ደግሞ ቤትን በእሳት ማስያዝ ነው። የጭስ ሽታ ከመጣ ንቀሉና ጠጋኝ ጥሩ።

እኛ ሴቶች የምንወደው ዳንቴልም ሙቀት የሚወጣበትን ቀዳዳ እንዳይሸፍን። ለአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ አለ። ስክሪኑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ አይንካው።

ጠጋኝ ጋ መሄድ ግድ ከሆነ ያያችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ ቀይዋ መብራት ትበራለች ወይ፣ ድምፅ አለ ወይ፣ የጠፋው መብራት ሲመጣ ነው ወይ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉት። በቤታችሁ ሌላ ብልሽት ካጋጠማችሁ በቤተ ክርስቲያናችሁ መጽሔቱን በሚሸጡት ወገኖች በኩል ጽፋችሁ ላኩልን።