የያሆዴ አተካና፣ ቅቤው ሲቀንስ

ያሆዴ ሲቃረብ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በከምባታም መሳላ ሲደርስ እንዲሁ ነው። በእኛ በሐዲያ ቤት አተካና የሌለበት ያሆዴ፣ በዓል አይባልም። ቡላው በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ፣ ቤተሰቡ ከአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ይበላል።

የልጆቼ አባት የደም ግፊትና ስኳር እንዳለበት የታወቀ ዓመት፣ እኔ እንደ ነርስ አሰብኩ። ለእሱ ብቻ ጎመን በትንሽ ሳህን አቀረብኩለት። ምንም አልተናገረም። ሌሊት ድምፅ ሰምቼ ብነሳ፣ ማድ ቤት ቆሞ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ ይፍቃል። አፈርኩ። እሱ ሳይሆን እኔ! ስንቱን ታካሚ «ቅቤ ተው» ብዬ ሸኝቻለሁ፤ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚበላ ግን አልጠየቅኩትም ነበር።

በማግስቱ ዓመት ሰውየውን ከገበታው መለየቱን ትቼ ድስቱን ቀየርኩ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ድሮ ለ10 ሰው 1 ኪሎ ቅቤ እጨምር ነበር። ለአንድ ሰው 100 ግራም ማለት ነው፤ ከቅቤው ብቻ 700 ካሎሪ ያህል። አሁን ለ10 ሰው የምጨምረው 10 የሾርባ ማንኪያ ነው። ለአንድ ሰው 100 ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወተቱን ከዋዜማው አፍልቼ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ስልባቦቱን አነሳለታለሁ። 4 ብርጭቆ ደረቅ ቡላ በ6 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ አጠልላለሁ። 6 ብርጭቆውን ወተት አፈላና ብጥብጡን በቀስታ እየጨመርኩ፣ እሳቱን ቀንሼ ሳላቋርጥ አማስላለሁ። ካላማሰላችሁት ይጓጉላል። ነጭነቱ ጠፍቶ ማንጸባረቅ ሲጀምር በስሏል። ጨው ለሁሉም 1 የሻይ ማንኪያ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ወጡም የራሱን ጨው ይዞ ይመጣልና።

ቅቤው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ይሁን። ካወረዳችሁ በኋላ ከላይ ስታፈሱት ሽታው ስለማይጠፋ ትንሹ ብዙ ይመስላል።

ከጎኑ አይብና ጎመን በዛ አድርጌ አቀርባለሁ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት ነው፤ ገንቢ ምግብነቱ ግን አልጎደለም። ይህም ያስፈልጋል፤ ቡላ ከእንሰት የሚጠለል ስታርች እንጂ ገንቢ ምግብ እምብዛም የለውም።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ቅቤ መቀነስ የስኳሩን ነገር አይፈታም። ቡላው ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ግማሹን ያህል ይብላ፤ ቀሪውን በጎመንና በአይብ ይሙላ። የበዓል ቀን ነው ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ደግሞ በፍጹም አይገባም። በሥራ ዘመኔ ከበዓል ማግስት ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ የመጡ አባቶችን ብዙ ተቀብያለሁ። ብዙዎቹ ኪኒናውን «ለዛሬ ብቻ» ብለው የተዉ ነበሩ።

የዚያን ዓመት የባለቤቴ ታላቅ እህት ቀምሳ «ቅቤው የት ሄደ?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን አቀርቅሮ ከልጅ ልጆቹ ጋር ከአንዱ ገበታ ይበላ ነበር። ሲጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠና «ዘንድሮ በዓል ነበር» አለኝ።

ያን ሌሊት ማድ ቤት ድምፅ አልሰማሁም።

እናንተም ቤት የታመመ አባት ወይም አያት ካለ፣ ለብቻው ሳህን ከማቅረባችሁ በፊት የሁላችሁን ድስት እዩት። ቅቤ ሲቀነስ ልጆቻችሁም ይጠቀማሉ።