ደሙን ያቀጥኑታል?

«ሲስተር፣ የልጄን ደም ቀድተው በምትኩ ውሃ ይሞሉበታል አሉኝ። እውነት ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ገባ ብሎ የምትኖር እናት ናት። ልጇ 14 ዓመቱ ነው። በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ሲያመው ከርሞ ቁርጥማቱ ልቡ ላይ አረፈና ቫልቩን አበላሸው። አሁን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ወረፋ ይጠብቃል። ስለ ደሙ የነገራት ሐኪም አይደለም፤ አብሯት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ አስታማሚ ነው። እንቅልፍ አጥታ ነው የመጣችው።

ነገሩ ውሸት አይደለም፤ የደረሳት ግን በግማሹ ነው። ግማሽ ወሬ ደግሞ ከሙሉ ውሸት የባሰ ያስፈራል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይላችሁ። የቫልቭ ሕመምተኞች ስለሚውጡት ዋርፋሪን ስናወራ «የደም ማቅጠኛ» እንላለን። እሱ ደምን አያቀጥንም፤ እንዳይረጋ ያዘገየዋል እንጂ። እዚህ የማወራው ስለ እውነተኛው ማቅጠን ነው፦ ደም ላይ ፈሳሽ ጨምሮ ስለማሳሳት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ሰመመን ከወሰደ በኋላ፣ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ወይም ሁለት ከረጢት ደም ከራሱ ይቀዳል። በወጣው ልክ ንጹሕ የሕክምና ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባለታል። ከረጢቱ ስሙ ተጽፎበት እዚያው ክፍል ውስጥ ይቆያል። ሥራው አልቆ፣ ደም እንዳይረጋ የተሰጠው ሄፓሪን በማርከሻ ከተመለሰ በኋላ፣ የገዛ ደሙ ይመለስለታል።

ለምን ይህን ሁሉ መድከም? ቡና አፍልታችሁ አቦሉ ቢደፋባችሁ ይቆጫችኋል፤ በረካው ቢደፋ ግን ብዙም አትደነግጡም። ልብ ሲከፈት ደም መፍሰሱ አይቀርም፤ መፍሰሱ ካልቀረ ቀጭኑ ይፍሰስ ነው ሐሳቡ። ወፍራሙ በከረጢት ተቀምጧል። ደግሞም ያ ደም በማሽን ውስጥ ስላላለፈ፣ ለመርጋት የሚረዱት ፕሌትሌቶቹ እንዳሉ ናቸው።

ሌላም መቅጠን አለ፤ ይኸኛው ሳይፈለግም የሚመጣ ነው። ልብ ቆሞ ሲጠገን ሥራውን የሚይዘው የልብና የሳንባ ማሽን ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው አይነሱም፤ በፈሳሽ መሞላት አለባቸው። ጆን ጊበን አሜሪካ ውስጥ በዚህ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ ቀዶ ሕክምና ያደረገው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚሞላው በሰው ደም ነበር፤ ለአንድ ሰው ብዙ ለጋሾች ይሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በቤይሩት የተወለደው ናዚህ ዙህዲ ኦክላሆማ ውስጥ በደም ፋንታ የስኳር ውሃ ሞላበት፤ ሕመምተኞቹም ተረፉ። ሂዩስተን ላይ ዴንተን ኩሊ በእምነታቸው ምክንያት ደም የማይቀበሉ ሰዎችን በዚሁ መንገድ ይሠራ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ 542 ቀዶ ሕክምናዎች ያለ ደም መከናወናቸውን ገለጸ። ዛሬ አዋቂ ሰው ሲሠራ ማሽኑ በደም መሞላቱ ቀርቷል።

እናቲቱ ይህን ስሰማት ፊቷ በራ። «እንግዲያ የሰው ደም አያስፈልገውማ!» አለች። ነደባው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። እኔ ግን ያን ተስፋ እንዲሁ ይዛው እንድትሄድ አልፈለግሁም።

አንደኛ፣ ደምን ቀድቶ መመለስ የተወራለትን ያህል አላስገኘም። እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የታተመ በ11 አገሮች የተደረገ ጥናት አለ፤ 2,010 አዋቂ የልብ ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። ደማቸው ከተቀዳላቸው መካከል 27.3 በመቶ፣ ካልተቀዳላቸው ደግሞ 29.2 በመቶ በመጨረሻ የሰው ደም አስፈልጓቸዋል። ልዩነቱ ልዩነት የሚባል አይደለም። ጉዳት አላመጣም፤ ግን ተአምርም አይደለም።

ሁለተኛው የልጅ ነገር ነው፤ ወላጅ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 50 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ 3 ሊትር ተኩል ያህል ደም አለው። ማሽኑ ሊትር ከሩብ ገደማ ፈሳሽ ቢጨምርበት፣ ከደሙ 40 በመቶ የነበረው የቀይ ሴሎች ድርሻ ወደ 30 ይወርዳል። ይቻለዋል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን ያለው ደም 800 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከሦስት ጠርሙስ ለስላሳ አይበልጥም። ለትንሽ ልጅ በተሠራው ማሽን 400 ሚሊ ሊትር ቢገባበት እንኳ 36 የነበረው 24 ይሆናል። ልጁ ደም ማነስ ኖሮበት በ27 ከጀመረ ደግሞ 18 ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ለኩላሊቱም ለአንጎሉም የሚያሰጋ ነው። ስለዚህ ለትንንሾቹ ማሽኑ ውስጥ የለጋሽ ደም መጨመር የተለመደ ነው። ሐኪሙ «ደም አምጡ» ሲል ስለ ሰነፈ ወይም አዲሱን ዘዴ ስለማያውቅ እንዳይመስላችሁ።

ያ ጎረምሳና ያ ሕፃን የሚለያዩት በኪሎ ብቻ አይደለም፤ በጀመሩበት የደም መጠንም ጭምር ነው። ኪሎውን በአንድ ወር መቀየር አይቻልም። የደሙን መጠን ግን ይቻላል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

«የሂሞግሎቢኑ ቁጥር ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አታውቀውም። ወረቀቷን ከፌስታሉ አወጣች፤ ከአራት ወር በፊት የተመረመረው 9.8 ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 11.5፣ ከ12 እስከ 14 ላለው 12 ነው፤ ከዚያ በታች ደም ማነስ ይባላል። እንደ ሐረር ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው እንዲያውም ትንሽ ከፍ ማለት ይጠበቅበታል። በዚህ ቁጥር ማንም ሐኪም ደሙን ልቅዳና ላቅጥን አይልም፤ የሚቀዳ የለውማ።

ወረፋው ረጅም ነው፤ አገር ያወቀው ነገር ነው፣ ያናድዳልም። የአንዲት እናት ጩኸት አያሳጥረውም። ግን ጊዜው ዝም ብሎ ከሚያልፍ ደም ይሠራበት። የደም ማነሱ መነሻ ይመርመር፦ ወደ ቆላው ወርዶ ወባ ይዞት ይሆናል፣ መንጠቆ ትል ይሆናል፣ የብረት እጥረትም ይሆናል። የብረት ክኒን ከሆነ የታዘዘው ውጤቱ የሚታየው በሳምንታት ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው ሳምንት ሲቀረው ቢጀመር ዋጋ የለውም። ሻይ፣ ቡናም ሆነ ሆጃ ከምግብና ከክኒኑ ጋር አይስጡት፤ ብረቱን ይይዙታል። ቀይ ሥርን በተመለከተ አያቶች አትቀየሙኝ፤ ቀለሙ ደም ይመስላል እንጂ ያን ያህል ብረት የለውም። ጉበትና ቀይ ሥጋ ይሻላሉ፤ ካልተቻለ ምስርና ሽምብራ ከሎሚ ጋር።

እንዲህ ስል አባትየው ገባ። የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው መሰለኝ፣ «ታዲያ ደም የሚሰጡ ሰዎች አሁኑኑ ላሰባስብ?» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ጊዜ አለው። ቀይ ሴሉ በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፣ ፕሌትሌቱ 5 ቀን ብቻ። ስለዚህ ዘመድ አዝማድ ዛሬ ሰጥቶ ለከርሞ አይቀመጥለትም። ቀን ሲቆረጥ ስንት ከረጢት፣ መቼ፣ የት እንደሚፈለግ ሆስፒታሉን ጠይቁ፤ ስም ዝርዝሩን ግን ከወዲሁ ያዙ። ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለው፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

አባትየው ደብተር አምጥቶ መጻፍ ጀመረ። ሁለት ወንድሞቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዷ እህቱ ድሬዳዋ። የራሱን ስም አልጻፈም። እናቲቱ አየችውና፣ «አንተስ?» አለችው። መርፌ ይፈራል። ሐረር ደም ባንክ ሰኞ ጠዋት ልሄድ ነውና አብሮኝ እንዲመጣ ቀጠርኩት፤ የእሱ ከረጢት ለልጁ ባይደርስም ሕይወት ፋና ወይም ጀጎል ሆስፒታል ለምትወልድ አንዲት ሴት ይደርሳል፤ እሱም መርፌውን ይለማመደዋል።