ሳይመረመር አይቀየርም
ባለፈው ክረምት የልጄ ቪትዝ ዝናብ ሲወርድባት ባደረ ማግስት አልነሳ አለች። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም፤ የምርመራ ማሽኑም ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አቃተው። የመጀመሪያው ጋራዥ ወዲያው «ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለ። ልጄ ቤቱን የሚያስተዳድረው በእሷ ስለሆነ ተበድሮም ሊከፍል ተነሳ። እኔ ግን ደም ሳይመረመር የወባ መድኃኒት አይሰጥም ስል የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ እንቢ አልኩ።

ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድናት። ወጣቱ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን 12 ቮልትና የኔጌቲቭ ገመዱን ለካ፤ ሁሉም ደህና። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚልከው 5 ቮልት ግን የለም። «አንዱ ሴንሰር ሾርት ቢያደርግም እንዲህ ያስመስላል፣ እማማ» እያለ አንድ በአንድ ነቀላቸው። አልተመለሰም። ሳጥኑ ሲከፈት ውሃ ገብቶበት እግሮቹ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ያኔ አመንኩ።

ያገለገለ፣ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ተገኘ። ተገጠመ፤ አሁንም አልነሳም! ለካ በእኛዋ መኪና ቁልፉን የሚያስታውሰው መረጃ የተቀመጠው በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ብዬ ልጥለው ነበር። ወጣቱ መረጃውን ገልብጦ ቁልፉን ሲያዞር ተነሳች። ሳጥኑን ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ልጄ ይስቅብኛል።