የማይቆም ፊልም

ፊልም ቋንቋን ለማስተማር አይረዳም የሚል ቢኖር ቀድሜ የምከራከረው እኔ ነኝ። በመጽሐፍ ውስጥ ደርቆ የተቀመጠ ቃል በተዋናይ አፍ ሲነገር ቁጣውንና ማባበሉን ይዞ ይመጣል፤ ተማሪውም ማን ለማን፣ በምን ፊት እንደሚናገረው ጭምር ያያል። ጠቤ «ፊልሙ ካለ መምህሩ ምን ያደርጋል?» ከሚሉት ጋር ነው።

ሐሳባቸው አዲስ ይመስላቸዋል። ሀገራችን ግን በውድ ዋጋ ሞክራዋለች። በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች በሳተላይት ይሰራጩ ጀመር። ስርጭቱ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ትታገሣለች፣ አመስግና ታልፋለች። ማን ምን ብሎ እንደ መለሰ ግን አልሰማችም! እጁን ያነሣ ተማሪ እጁን ይዞ ይቀራል። መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

የማይሰማ አስተማሪ ቋንቋን እንደምን ያስተምራል?

መልሱን ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። በጋይንት ምድር፣ ለዘመናት የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የኖረችው ቤተ ልሔም አለች። ድጓን የሚማር ሰው ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት እያለ የሚመራው ምልክት አለው። ምልክቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ እንደ ሠሩት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይህ በዘመኑ ታላቅ ብልሃት ነበር፤ ዜማን በብራና ላይ አስቀምጧልና። ነገር ግን ምልክቱ ተገኘ ተብሎ የኔታ አልተሰናበቱም። ተማሪው በፊታቸው ያዜማል፤ እርሳቸው ይሰማሉ፤ የሳተውን ያርማሉ፤ እንደገና ያስብላሉ። (ልምጩን እያሞገስኩ አይደለም።) «ድጓን ከእንግሊዝኛ ምን አገናኘው?» የሚለኝ አይጠፋም። ሁለቱም በአፍ የሚወጡ፣ በሰው ጆሮ የሚታረሙ መሆናቸው ያገናኛቸዋል።

ፊልምም እንደ ምልክቱ ይሁን። የአምስት ደቂቃ ትዕይንት ይበቃል፤ መምህሩ ያቁመው፣ ይመልሰው፣ ድምፁን ዘግቶ ተማሪዎቹን ያናግራቸው። ለአማርኛ ክፍለ ጊዜም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው «ድፍረት» አለ፤ የገጠር ሽማግሌዎች ሸንጎና የከተማ ፍርድ ቤት ስለ አንዲት ልጅ ጉዳይ በየራሳቸው ቋንቋ ይናገሩበታል። አንዱን ወገን ለሌላው እንዲያስረዳ የታዘዘ ተማሪ በአንድ ቀን የሚማረውን ሰዋስው ብቻውን በሳምንት አይሰጠውም።

ይህን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆቹ ሲመለሱ የባከነውን ዘመን በአቋራጭ ለማካካስ ስክሪን ይዞ የሚመጣ አይታጣም። ይምጣ። ነገር ግን ሪሞቱን ለመምህሩ ያስረክብ፤ ለስክሪኑ ከመደበው ገንዘብም በአንድ ክፍል የሚታጨቁትን ልጆች ቍጥር ለመቀነስ የሚበቃ መምህር ይቅጠርበት።